ዕቃ መሸጥ ነውር አይደለም፤ ነውሩ ሌላ ነው

ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለች ጽሑፍ ናት፤ ቡና ይዛችሁ አንብቧት።

ባለፈው ሳምንት በምኖርበት ኮንዶሚኒየም የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንድ ማስታወቂያ ለጠፍኩ። "ተጣጣፊ የሼልፍ ብራኬት፣ 4 ጥንድ፣ ያልተገጠመ፣ አንዱ ጥንድ 1000 ብር" ይላል። ከስሩ ሁለት ፎቶ አለ። በቃ፣ ይኸው ነው። አንድ ሰው ማስታወቂያውን ፎቶ አንስቶ ለጓደኛው፣ ጓደኛው ለጓደኛው ሲያስተላልፍ የድሮ ተማሪዎቼ ጋ ደረሰ። እስከ ማታ ድረስ ሦስቱ ደወሉልኝ። ሦስቱም የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው። "ቲቸር፣ ምን ገጠመህ? ችግር አለ እንዴ?"

አንደኛው ጭራሽ ሳይጠይቀኝ በቴሌብር 2000 ብር ላከልኝ። መለስኩለት። ልጆቼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ልባችሁን አይቻለሁ። ግን ምንም አልገጠመኝም። አልታመምኩም፣ ከሥራም አልተባረርኩም። የማልጠቀምበትን ዕቃ ለመሸጥ ፈልጌ ነው። ይኸን ለማስረዳት የፈጀብኝ ጊዜ ብራኬቶቹን ለመሸጥ ከፈጀብኝ ይበልጣል ብላችሁ ታምናላችሁ?

በማግሥቱ ደግሞ መምህራን ማረፊያ ክፍል ስገባ አንድ የሥራ ባልደረባዬ "አንተ፣ አስተማሪ ሆነህ ብረታ ብረት መነገድ ጀመርክ?" አለኝና ሳቅ በሳቅ ሆነ። እኔም ሳቅኩ። ግን ነገሯ ውስጤ ቀረች። ይቺን ጽሑፍ የጻፍኩት ለዛ ነው። ስታነቡ ግን ከባልደረባዬ ይልቅ ራሴን እንደምከስ ታያላችሁ።

መጀመሪያ ስለ ዕቃው። ተጣጣፊ ብራኬት ማለት ግድግዳ ላይ በብሎን የሚታሰር፣ ላዩ ላይ ጣውላ የሚቀመጥበት ብረት ነው። ከተራው የሼልፍ ብረት የሚለየው ክንዱ መታጠፉ ነው። ስትፈልጉ ከፍ ታደርጉትና "ቀጭ" ብሎ ይቆለፋል፣ ጠረጴዛ ይሆናል። ሳትፈልጉት መቆለፊያውን ተጭናችሁ ዝቅ ታደርጉታላችሁ፣ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ለስቱዲዮና ለባለ አንድ መኝታ ቤት ጥሩ ነገር ነው።

በ2016 መጀመሪያ ላይ ቤቴ ውስጥ ለሰፈር ልጆች ማጠናከሪያ ትምህርት ለመስጠት አስቤ ነበር። ቤቱ ጠባብ ስለሆነ ግድግዳው ላይ አራት ታጣፊ ጠረጴዛ ልሰቅል፣ ልጆቹ ሲሄዱ ላጥፈው። አንዱን ጥንድ በ700 ብር፣ አራት ጥንድ ገዛሁ። ደስ ብሎኝ ድሪል ተውሼ ስመጣ አከራዬ በር ላይ አገኙኝ። "ምን ልታደርግበት ነው?" አሉኝ። ነገርኳቸው። "ግድግዳዬን አትበሳም" አሉኝ። በቃ። አይፈረድባቸውም፣ ቤቱ የሳቸው ነው። ጥፋቱ ሳልጠይቅ የገዛሁት የኔ ነው። ብራኬቶቹ አልጋ ስር ገቡ። ሁለት ዓመት ከረሙ። እኔም እንደ ሁላችሁም "አንድ ቀን ይጠቅመኛል" እያልኩ እጠርግላቸዋለሁ፣ መልሼ እገፋቸዋለሁ።

አሁን ወደ ነውሩ ልምጣ።

እኛ ዘንድ ሰው የቤቱን ዕቃ ሲሸጥ የምናውቀው ሲቸግረው ነው፣ ወይ ውጭ አገር ሲሄድ ነው፣ ወይ ቤተሰብ ሲበተን ነው። ስለዚህ ሽያጭ ስናይ መከራ ይታየናል። መግዛቱን ግን አናፍርበትም። ሰልባጅ ያልለበሰ ማን ነው? መርካቶ ምናለሽ ተራ ገብቶ የሚፈልገውን ብረት፣ ጣሳ፣ ማጠፊያ ለቃቅሞ ያልወጣ የእጅ ባለሙያ አለ? እኔ ራሴ የተማርኩበት መጽሐፍ ከእኔ በፊት የሦስት ሰው ስም ተጽፎበት ነበር። ታዲያ ያገለገለ የሚገዛ ሕዝብ ካለ የሚሸጥም ሰው መኖሩ ግድ አይደለም? ገዢው ብልህ፣ ሻጩ ምስኪን የሚሆነው በምን ሒሳብ ነው?

ነውሩን ፈርተን የምናደርገውስ? አንድም አልጋ ስር እናዝገዋለን፣ አንድም "ቆራሌው" ሲመጣ በኪሎ እንሰጠዋለን። ቆራሌው ላይ ምንም ክፉ ቃል የለኝም፣ ከጠዋት እስከ ማታ ማዳበሪያ ተሸክሞ የሚዞር ሠርቶ አዳሪ ነው። ግን እሱ የሚገዛው ብረትነቱን ነው። እኔ ቤት ያለው ገና ያልተበሳ፣ ያልተገጠመ ዕቃ ነው። ሦስት ፎቅ ወርዶ ያንኑ ዕቃ ሱቅ ለሱቅ የሚፈልግ ጎረቤት እያለ ብረቱን በሚዛን መሸጥ ኩራት ሳይሆን ብክነት ነው።

ዋጋውን በተመለከተም ብዙ ሰው ጠይቆኛል። "በ700 ገዝተህ በ1000? አተረፍክብን እኮ!" እሺ፣ እናስላው። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ማስታወቂያውን ከመለጠፌ በፊት ሦስት ሱቅ ዞሬ ጠየቅኩ። ተመሳሳዩን አዲስ 1600 እና ከዚያ በላይ ነው የሚሉት። በገዛሁበት 700 ብሸጠው ጽድቅ ነበር፣ ግን ግዴታዬ አይደለም። በሱቁ ዋጋ ብሸጠው ደግሞ ድፍረት ነው። ምክንያቱም ሱቁ ካርቶን አለው፣ ብሎኑ ከነፊሸሩ አለው፣ ከሃያ ውስጥ መርጦ የመውሰድ ዕድል አለው። እኔ ጋ ግን ያው ስምንት ብረት ብቻ ነው። ስለዚህ ገዢው ደህና አድርጎ ካልቆጠበ እኔ ጋ የሚመጣበት ምክንያት የለውም። 1000 ያልኩት እንዲህ አስቤ ነው። የሚከራከረኝ ካለ ኮመንት ላይ እጠብቃለሁ።

(በነገራችን ላይ፣ "አለ?" ብላችሁ ብቻ የምትጽፉ ሰዎች፣ "አለ" ስላችሁ የት ትጠፋላችሁ? ፎቶውን እንኳ ሳታዩ "የመጨረሻ ስንት?" የምትሉትስ?)

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ቀላሉ ነው። አሁን የከበደኝን ልንገራችሁ።

ፎቶ ላነሳ ስምንቱንም ብራኬት አንድ በአንድ እየዘረጋሁ አጠፍኳቸው። ሰባቱ "ቀጭ" እያሉ ተቆለፉ። አንዱ አልቆለፍ አለ። እርጥበት አግኝቶት መቆለፊያው ውስጥ ያለችው ሞላ ዝጋለች። ዘይት ነካ አደረግኩት። ከሦስት ጊዜ አንዴ ይቆለፋል፣ ሁለቴ እንደ ተቆለፈ መስሎ ይቆማል፣ ትንሽ ሲጫኑት ግን እጥፍ ይላል። ምን አደረግኩ? ከጥንዱ ጋር አስሬ ከሌሎቹ ጋር ደረደርኩት። "ያልተገጠመ" ብዬ ጻፍኩ። እውነት ነው፣ አልተገጠመም። "አዲስ ነው" አላልኩም። የዋሸሁት ቃል የለም። ዝም ያልኩት ግን አለ።

የመጀመሪያዋ ገዢ ከብሎካችን ስር ጀበና ቡና የሚያፈሉ እናት ናቸው። የብሎኩ ኮሚቴ ግድግዳው ላይ ሰሌዳ ቢጤ እንዲሰቅሉ ፈቅዶላቸዋል፣ ማታ ግን መተላለፊያው ነጻ መሆን አለበት። ስለዚህ ታጣፊው ለሳቸው ልክ ነው። ቀን ዘርግተው ሲኒና ቴርሞስ ያስቀምጡበታል፣ ማታ አጥፈው ይገባሉ። ብዙ ጊዜ አጠገባቸው የምትጫወት አንዲት የልጅ ልጅ አለቻቸው። ማታ ቤት መጡ፣ ጥንዶቹን ፊታቸው ደረደርኩላቸው። አላዩአቸውም። "እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ፣ አንተ መምህር አይደለህ፣ ደህናውን ምረጥልኝ" አሉኝ።

እኔም መረጥኩላቸው። ያንኛውን ጥንድ።

ለምን እንዳደረግኩት እስካሁን በደንብ ማስረዳት አልችልም። ክፉ ለማድረግ አላሰብኩም። "መጀመሪያ እሱ ይውጣልኝ፣ ለነገሩ እኮ ይቆለፋል" የሚል ነገር ነው በጭንቅላቴ ያለፈው። 1000 ብራቸውን፣ አብዛኛው የሃምሳና የመቶ ብር ኖት ነው፣ ቆጥረው ሰጡኝ። መርቀውኝ ሄዱ።

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለጠዋት የማዘጋጀው ትምህርት ደግሞ ምን ይመስላችኋል? የኃይል ሞመንት! የ9ኛ ክፍል ልጆቼ የምታነቡ ከሆነ አብረን እንሥራው። ብራኬቱ ግድግዳው ላይ ከታችኛው ጫፍ እስከ ላይኛው ብሎን 16 ሴንቲ ሜትር ነው። ክንዱ ደግሞ 40 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ ይዘረጋል። 20 ኪሎ ዕቃ መሃሉ ላይ፣ ማለትም ከግድግዳው 20 ሴንቲ ላይ፣ ብታስቀምጡ 200 ኒውተን ሲባዛ በ0.2 ሜትር፣ 40 ኒውተን ሜትር ይመጣል። ለ0.16 ሲካፈል 250 ኒውተን። ላይኛዎቹን ብሎኖች ከግድግዳው የሚነቅለው ኃይል የ25 ኪሎ ክብደት ያህል ነው ማለት ነው። ያንኑ 20 ኪሎ ወደ ጫፉ ብትወስዱት እጥፍ፣ 50 ኪሎ ይሆናል። ለሁለቱ ብራኬት ሲካፈል 25፣ 25። ይኼ እንግዲህ ሁለቱም በትክክል ሲይዙ ነው። አንዱ ከታጠፈስ? ጣውላው በአንድ ጎን ይወርዳል፣ ላዩ ያለው ሁሉ ወደዛ ይንሸራተታል። የሳቸው ጣውላ ላይ የሚኖረው ደግሞ የፈላ ቴርሞስ ነው። ከስሩ የምትጫወተው ያቺ ልጅ ናት። ደንበኛ ክርኑን አስደግፎ ቡና ሲጠጣ፣ ክርን የሚያርፈው የት ነው? ጫፉ ላይ።

ሒሳቡን ለሌላ ሰው ልጅ ሳስተምር አስር ዓመት ሊሞላኝ ነው። ለራሴ አንድም ቀን እንደዛ አልገባኝም ነበር።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ደህና ጥንድ ይዤ ወረድኩ። ገና ከሰል እያቀጣጠሉ ነበር። አናጺው አራት ሰዓት ላይ ሊመጣላቸው ተቀጥሯል። "እናቴ፣ ትናንት የሰጠሁዎት ልክ አይደለም፣ አንዱ መቆለፊያው ተበላሽቷል፣ እያወቅኩ ነው የሰጠሁዎት" አልኳቸው። የመጨረሻዋን ቃል ለማውጣት የነበረኝን ጭንቅ አትጠይቁኝ። ገንዘባቸውን ልመልስ፣ ወይም ደህናውን ይውሰዱ አልኩ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። አልተቆጡም። አዩኝና "እኔ'ኮ አንተ ስለሆንክ ነው ሳላየው የወሰድኩት" አሉኝ። ከዛ ደህናውን ተቀበሉኝ፣ አንድ በአንድ ዘርግተው አጠፉት፣ "ቀጭ" ሲል ሰሙ። ቡና ልቅዳልህ አሉኝ። ጠጣሁ። ሒሳብ አልቀበልም አሉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ወዳጆቼ፣ የባልደረባዬን ቀልድና የተማሪዎቼን ጭንቀት መልሼ ያየሁት ከዚህ በኋላ ነው። ሁሉም ያፈሩልኝ በመሸጤ ነው። ማፈር የነበረብኝ ግን እያወቅኩ ዝም በማለቴ ነው። እኛ ነውሩን ያስቀመጥነው የተሳሳተ ቦታ ላይ ነው። ዕቃ አውጥቶ የሸጠውን "ምን ነካው" እንላለን። ጉድለቱን ደብቆ የሸጠውን ደግሞ "ነጋዴ ነው፣ ጎበዝ" እንላለን። የተታለለውን "ዓይንህ የት ነበር?" እንለዋለን።

ሱቅ ስንገዛ ደረሰኙ ላይ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የሚል እናነባለን፣ እንደ ሕግ ተቀብለነዋል። ሕጉ ግን እንደዛ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከጉድለት ነጻ ስለመሆኑ ዋስ ነው ይላል። ለ1000 ብር ብራኬት ፍርድ ቤት የሚሄድ እንደሌለ አውቃለሁ። ለዛ ነው በሰፈር ንግድ ውስጥ ከሕጉ በፊት የሻጩ አፍ የሚያስፈልገው። ደግሞ የሰፈር ገዢ እንደ መርካቶ ገዢ አይጠፋም። ደረጃ ላይ ታገኘዋለህ፣ ለቅሶ ላይ ታገኘዋለህ፣ በእድር ድንኳን አብረህ ትቀመጣለህ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው ጎረቤቱ ሲያምንህ ነው።

እውነት መናገር ሁልጊዜ በቡና አይሸለምም፣ ይኼንንም ልንገራችሁ። በሦስተኛው ቀን አንዲት እህት መጣች። ቴሌቪዥን ልታስቀምጥበት ነው። "ግድግዳው ምንድን ነው?" አልኳት። ሳሎኑን ከመኝታው የከፈለችበት ቺፑድ ነው። ከስሩ የልጇ አልጋ አለ። "እህቴ፣ ቺፑድ ይኼን አይሸከምም፣ ብሎኑ ነቅሎ ይወጣል። ብሎኬቱ ግድግዳ ላይ በፊሸር ከሆነ ውሰጂ" አልኳት። ብሎኬቱ ጋ ሶኬት የለም አለች። አስረዳኋት፣ ወረቀት ላይ ሣልኩላት። መምህር ነኝና ምን ላድርግ። እሷ ግን ፊቷ ተለወጠ። "ሌላ ሰው ጨምሮልህ ነው አይደል?" ብላኝ ወጣች።

የዛኑ ዕለት ማታ ሞባይል የሚጠግን ጎረምሳ መጣ፣ ለኮንቴይነር ሱቁ መስኮት ፈልጎ። ያንኑ ጥንድ በዛው በ1000 ብር ሸጥኩለት። ይዞ ሲወርድ ያቺ እህት ደረጃው ላይ አገኘችን። ምንም አላለችም። ምን እንዳሰበች ግን አውቃለሁ። እህቴ፣ ይኼን ካነበብሽ፣ አንድ ብር አልጨመረም። ቴሌቪዥኑን ግን እባክሽ እዛ ቺፑድ ላይ አትስቀይው።

ሦስተኛውን ደህና ጥንድ የገዛኝ 2000 ብር የላከልኝ ተማሪዬ ነው። "ቲቸር፣ እኔ እወስደዋለሁ" አለኝ። "ልታግዘኝ ከሆነ አልሸጥልህም። የሚያስፈልግህ ከሆነ 1000 ብር ነው" አልኩት። ሳቀ። ኪራይ ቤቱ ውስጥ ላፕቶፕ የሚያስቀምጥበት የለውም፣ እውነትም ያስፈልገዋል። አንድ ምክር ብቻ ጨመርኩለት፤ "መጀመሪያ አከራይህን ጠይቅ።"

ከዚህ ሁሉ በኋላ የምለው ይኼ ነው። አልጋ ስር፣ ቁም ሳጥን ላይ፣ በረንዳ ላይ ያለውን የማትጠቀሙበትን ነገር አውጡት። ሽጡት፣ ወይ ስጡት። አትፈሩ። ስትሸጡ ግን፦

አንደኛ፣ ጉድለቱን ከዋጋው አስቀድማችሁ ተናገሩ። ፎቶ ስታነሱም የዛገችውን ቦታ አንሷት።

ሁለተኛ፣ ለምን እንደሚፈልገው ጠይቁ። "ምን አገባኝ" አትበሉ። ዕቃውን ሁለት ዓመት አብራችሁት ኖራችኋል፣ ገዢው ያየው ለአምስት ደቂቃ ነው።

ሦስተኛ፣ ገዢው ራሱ ዘርግቶ፣ አጥፎ፣ ነካክቶ ይየው። "አንተ ምረጥልኝ" የሚላችሁ ሰው ሲመጣ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ። እሱ ገንዘብ ብቻ አይደለም የሰጣችሁ።

አራተኛ፣ ይኼ ለገዢዎች ነው፣ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ስታዩ "ምን ገጠመው?" አትበሉ። "ስንት ነው?" በሉ።

የቀሩኝ አንድ ደህናና አንድ የተበላሸ ብራኬት ናቸው። ለመሸጥ አይሆኑም፣ ጥንድ አይደሉምና። ክፍል ይዣቸው ገባሁ። ልጆቹ ሁለቱንም እየዘረጉ ሲጫኗቸው አንዱ ይዞ ይቆማል፣ አንዱ እጥፍ ይላል። ሞመንትን እንደዛ በአንድ ክፍለ ጊዜ አስተምሬ አላውቅም። አንዷ ተማሪ እጇን አውጥታ "ቲቸር፣ ይኼኛው እንደተበላሸ በዓይን ብቻ ያስታውቃል?" አለችኝ።

"አያስታውቅም፤ የሚያውቀው ባለቤቱ ነው" አልኳት።

እናንተስ? ሰፈር ውስጥ ሸጣችሁ ወይ ገዝታችሁ የገጠማችሁ ካለ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፣ ሁሉንም አነባለሁ። የደወላችሁልኝ ተማሪዎቼ፣ ደህና ነኝ። ያው ብራኬት ጨርሻለሁ፣ የሚሸጥ ብስክሌት ግን አለኝ። የኋላ ፍሬኑ አይዝም።

ቸር ያሰማን።